ስልክ የማላነሳበት ዘመን

ስልኬ ሲጠራ በፊቱ ደፍቼ የማስቀምጥበት ጊዜ ነበር። ማን እንደደወለ እንኳ አላይም። ድምፁን ስለማጠፋው የሚሰማው ንዝረቱ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንደተገለበጠ ጥንዚዛ ይንዘፈዘፋል፣ ያቆማል፣ ከዚያ የኔም ትንፋሽ ይመለሳል። ባለቤቴ «ለምን አታነሳውም?» ስትለኝ «የሥራ ነው» እላታለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደወል የምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ደግሞ የባሰ ያስፈራኝ ነበር።

ያኔ «ስንት ዕዳ አለብህ?» ብትሉኝ አላውቀውም። ለመደበቅ አይደለም፣ በእውነት አላውቀውም ነበር። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ የግምት ቁጥር ነበረች፣ እሷን እያሰብኩ «ያን ያህል አይደለም» እያልኩ እተኛለሁ። ኋላ ቁጭ ብዬ ስደምረው ግምቴ የእውነተኛው ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

«እንዴት ገባህበት?» የሚለው ጥያቄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሚወራ ታሪክ የለኝም። አልከሰርኩም፣ ቁማር አልተጫወትኩም፣ ቤት አልተቃጠለብኝም። አዲስ ስልክ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ገዛሁ። የድሮው ስልኬ በደንብ ይሠራ ነበር። ከዚያ አንድ ዘመዴ ብድር ሲወስድ ዋስ ሆኜ ፈረምኩለት። «ስምህን ብቻ ነው የምፈልገው» ብሎኝ ነበር። ስሜን ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እሱ መክፈል ባቆመ በአራተኛው ወር ነው። ከዚያ ደመወዝ ወር አልደርስ ሲለኝ ከአንድ ባልደረባዬ «እስከ ደመወዝ» ብዬ ወሰድኩ። ደመወዝ መጣ፣ መለስኩለት፣ የተረፈችኝ ደግሞ ሁለት ሳምንት አላቆየችኝም፣ ስለዚህ ከሌላ ሰው ወሰድኩ፣ ለሌላው ለመመለስ ደግሞ ከስልክ ላይ የሚገኘውን ብድር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ብድር ዕቃ ገዝቶልኛል። ከሦስተኛው በኋላ የወሰድኳቸው ግን የገዙልኝ ምንም ነገር የለም። ብድር ብቻ ነው የገዙልኝ።

መሐል ላይ ደመወዝ ተጨምሮልኝ ነበር፣ ይኼን መናገር ያሳፍረኛል። አሁን እወጣለሁ ብዬ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ጭማሪው የት እንደገባ ማወቅ አቃተኝ።

ዛሬ ወደኋላ ሳየው ሁሉም ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ይሉኝታ። ስልኩን የገዛሁት መሥሪያ ቤት ሁሉም ሰው አዲስ ስለያዘ ነው። ዋስ የሆንኩት «እምቢ ብል ምን ይሉኛል» ብዬ ነው። ራሴ ዕዳ ውስጥ ሆኜ ሰው «እስቲ ትንሽ አበድረኝ» ሲለኝ የለኝም ማለት ስለማልችል ተበድሬ ያበደርኩበት ቀን አለ፣ አትሳቁ። ዕዳውን ከባለቤቴ የደበቅኩትም በዚያው በይሉኝታ ነው። የገንዘብ አያያዝ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ስለ ገቢና ወጪ ሲያወሩ እሰማለሁ፣ ልክ ናቸው፣ የኔ ገንዘብ ግን በገቢና በወጪ መሐል አልነበረም የሚጠፋው። ሰው ስለኔ ምን ያስባል በሚለውና በኪሴ መሐል ነበር።

የነቃሁበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። መንገድ ላይ አንድ የልጅነት ጓደኛዬን ከሩቅ አየሁት፣ ገንዘቡ እኔ ዘንድ ዓመት አልፎታል። መንገዱን ተሻገርኩ። ተሻግሬ የአንድ ሱቅ መስታወት የማይ መስዬ ቆምኩ። በመስታወቱ ውስጥ ግን እሱን አየሁት። ቆሞ እያየኝ ነበር። ስሜን አልጠራም። ትንሽ ቆመና ሄደ። እኔና እሱ በአንድ ብርድ ልብስ ያደርን ልጆች ነን።

በዚያ ምሽት ደብተር አወጣሁ። ለማን፣ ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ መቼ ይከፈላል የሚሉ አራት ዓምዶች አሰመርኩ። ሰባት መስመር ወጣው። የሞባይሉ ብድር፣ የስልኩ ዱቤ፣ ዋስ የሆንኩበት፣ ከአበዳሪ ተቋም የወሰድኩት፣ ከዚያ ሦስት ሰዎች። ስጽፈው እጄ ላይ ላብ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፣ ግን በሽታው በሰባት መስመር ተጽፎ ፊቴ ሲቀመጥ ሌላ ነው። ከዚያ ደብተሩን ይዤ ባለቤቴ ጋ ሄድኩ።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ወይ ትጮህብኛለች። ከላይ እስከታች አነበበችው፣ ከዚያ «ይኼ ብቻ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ስምንተኛውን መስመር ራሷ ጻፈችው። ከእህቷ የወሰደችው ነው። የቤት ወጪ ሲያጥር እኔን እንዳያሳፍረኝ ብላ ለብቻዋ ስትበደር ከርማለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ተደባብቆ ዕዳ ሲያስገባ ከርሟል።

በማግሥቱ ሒሳቡን ጀመርን። ዓይኔን የገለጠው የሞባይሉ ብድር ነው። በወር 3 በመቶ ይላል። ስወስደው ከመቶ ሦስት ምን አላት ብዬ ነበር። ሳይከፈል ሲቀር ግን ወለዱ ራሱ ወለድ እየወለደ ይሄዳል፣ እናም 100 የነበረው ዕዳ በ12 ወር ከ142 በላይ ይሆናል። ሦስትን በ12 አባዝቶ 36 የሚል ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ተሸውዷል። አንድ አቋራጭ አለ፤ 72ን ለወለዱ አካፍሉት፣ የሚወጣው ቁጥር ዕዳው እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ነው፣ በግምት። 72 ለ3 ሲካፈል 24። በ24 ወር ገደማ እጥፍ። ይህችን ዘዴ ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1494 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጠቅሷታል። ከ500 ዓመት በላይ ስትጠብቀኝ ነበር ማለት ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተማረኝ ሰው ግን አላስታውስም።

የተቋሙ ብድር ደግሞ ሌላ ጉድ አወጣ። ወረቀቱ ላይ በዓመት 10 በመቶ ይላል፣ ከሁሉም ርካሹ ይኼ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። አሠራሩን በቀላል ቁጥር ላሳያችሁ። 12,000 ተበደራችሁ፣ 10 በመቶው 1,200 ነው፣ ድምሩ 13,200፣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1,100። ንጹሕ ሒሳብ ይመስላል። ግን ልብ በሉ፣ ዓመቱን ሙሉ 12,000 እጃችሁ ላይ የለም። በየወሩ እየመለሳችሁ ነው፣ ስድስተኛው ወር ላይ ግማሹን ገደማ መልሳችኋል፣ ወለዱ ግን ዛሬም በሙሉው 12,000 ላይ ነው የታሰበው። በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ያ 1,100 በዓመት 18 በመቶ ወለድ ማለት ነው። ውሸት አልነገሩኝም፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። «ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው?» ብዬ አለመጠየቄ ነው። ብድር የምትወስዱ ከሆነ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ጥያቄ አትርሷት።

ስለ ዕዳ በግልጽ ማውራት ስጀምር ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ መጣ፣ ይኼን አልጠበቅኩም። አንዲት ባልደረባዬ የክሬዲት ካርድ፣ ማለትም በዱቤ የሚያስገዛ የባንክ ካርድ፣ ሒሳቧን አሳየችኝ፤ በየወሩ ግዴታ የሆነውን ዝቅተኛ ክፍያ ሳታዛንፍ ትከፍላለች፣ ዕዳው ግን አይነቃነቅም። እንዲህ ነው ነገሩ። ዕዳው 10,000 ይሁን፣ ወለዱ በወር 2 በመቶ፣ ዝቅተኛው ክፍያ ደግሞ ወለዱ ከታከለ በኋላ ካለው ዕዳ 3 በመቶ። የመጀመሪያው ወር 200 ወለድ ይታከልበታል፣ እሷ 306 ትከፍላለች። ከ306ቱ ዕዳውን የነካው 106 ብቻ ነው። ዕዳው ሲቀንስ ክፍያውም አብሮ ይቀንሳል፣ ያ ደግሞ እፎይታ ይመስላል፣ ግን እንዲህ እያለች ግማሹን ለመጨረስ አምስት ዓመት ከአምስት ወር ይፈጅባታል። አሁን ሌላ ምንም ሳትቀይር፣ ክፍያው እንዲቀንስ ባትፈቅድና ያንኑ 306 በየወሩ ብትከፍል በ54 ወር ሙሉውን ትጨርሳለች። ሙሉውን! በመጀመሪያው ወር አቅሟ የቻለውን ያንኑ ገንዘብ። እኔ ይኼን ሳሰላ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያየሁት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

የቱ ቀድሞ ይከፈል የሚለው ላይ እኔና ባለቤቴ ተከራከርን። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወለዱ ከፍተኛ የሆነውን ማስቀደም ነው። ሌላው ትንሿን ዕዳ ቀድሞ ዘግቶ በዚያ ደስታ ወደ ቀጣዩ መሄድ። ለሁሉም የግዴታውን ከከፈላችሁ በኋላ የተረፈችውን ማለቴ ነው። በሒሳብ የመጀመሪያው ያሸንፋል፣ ምንም ክርክር የለውም። ሁለተኛው ደግሞ ልብ ይሰጣል፣ መስመር መሰረዝ የሚሰጠው ጉልበት ቀላል አይደለም። እኛ የሞባይሉን ብድር አስቀደምን፣ እሱ እሳት ስለሆነ። ሁለተኛ ግን የጓደኛዬን አደረግኩት። ወለድ የለውም፣ በሒሳብ መጨረሻ መሆን ነበረበት። ነገር ግን በዚያ ዕዳ ምክንያት የማልሄድባቸው መንገዶች፣ የማልገኝባቸው ቦታዎች፣ የማልጠይቃቸው ሰዎች ነበሩ። ያንን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?

ሌላው ክርክር ስለ ቁጠባው ነበር። ለልጃችን ትምህርት ብለን የማይነካ ገንዘብ አስቀምጠን ነበር፣ በዓመት የሚወልደው ኢምንት ነው። በአንድ እጃችን በወር 3 በመቶ እየከፈልን በሌላ እጃችን ያንን እንጠብቃለን። ሪቻርድ ቴለር የሚባል የምጣኔ ሀብት ሊቅ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖቤል የተሸለመ፣ ሰው ገንዘቡን በአእምሮው በተለያየ ኪስ ከፋፍሎ እንደሚያስቀምጥና ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር እንደሚከብደው አጥንቷል። ገንዘብ ግን ስም የለውም፣ «የትምህርት» ብንለውም የዕዳውን ወለድ አያቆምልንም። ባለቤቴ አልተዋጠላትም። «የልጅ ነው» አለች። ሁለት ሳምንት ተኮራርፈን በመጨረሻ የአንድ ወር ወጪ የሚሆን አስቀርተን በቀረው የሞባይሉን ብድር ዘጋነው።

ያቺን የአንድ ወር ማስቀረት የሷ ሐሳብ ነው፣ እኔማ ሁሉንም እንክፈል ብዬ ነበር። አምስተኛው ወር ላይ ልጁ ታመመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀጥታ ወደዚያ ስልክ ላይ ወዳለው ብድር ነበር የምሮጠው። ገንዘቡ አልበቃም፣ ትንሽ ከእህቷ ጨመርን፣ ስምንተኛው መስመር እንደገና አበጠ። ግን 3 በመቶው ተመልሶ አልገባም።

ከዚያ መደወል ነበረብኝ። ለሁሉም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ከባዱ ይኼ ነው። የድሮው መልሴ «ሰሞኑን እሰጥሃለሁ» ነበር፣ ሰሞኑን የሚባል ቀን ግን በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ የለም። አሁን ቀንና መጠን ይዤ ደወልኩ። ትንሽ መጠን፣ የምችለውን። ያበደረኝ አንድ ባልደረባዬ ተቆጣ፣ መብቱ ነው። ተቋሙ ጋ ከወር ክፍያው በፊት ሄጄ ጊዜ እንዲያራዝሙልኝ ጠየቅኩ። ካሳለፉ በኋላ ከመሄድ ሳያሳልፉ መሄድ በጣም ይለያል፣ ፊታቸው ራሱ ይለያል።

ከተቋሙ ስመለስ አንድ ሰው የነገረኝ ታሪክ ትዝ አለኝ። ከ3,700 ዓመት በፊት ባቢሎን ላይ የነገሠው ሐሙራቢ በደነገጋቸው ሕጎች ውስጥ 48ኛው፣ የተበዳሪ ማሳ በጎርፍ ቢጠፋ ወይም በውኃ እጥረት እህል ባይበቅል በዚያ ዓመት ዕዳ አይከፍልም፣ የዓመቱን ወለድም አይሰጥም ይላል። ውሉ የተጻፈበትን የሸክላ ሰሌዳ ውኃ ያስነካዋል። ጊዜ ስጡኝ ማለት እኔ የፈጠርኩት ውርደት አይደለም ማለት ነው፣ ንጉሥ ያወቀው ነገር ነው።

ጊዜ ማራዘምም ግን ነፃ አይደለም። ያንን 12,000 በ18 በመቶ፣ በቀሪ ዕዳ እየታሰበ፣ ከ12 ወር ወደ 36 ወር ብትወስዱት የወሩ ክፍያ ከ1,100 ወደ 434 ገደማ ይወርዳል። ሲያዩት ደስ ይላል። ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ1,200 ተነስቶ 3,600 ይደርሳል። ሦስት እጥፍ። ስለዚህ እኔ የጠየቅኩት ስድስት ወር ብቻ ነው። ሠራተኛዋ «ሁለት ዓመት ማድረግ ይቻላል እኮ» አለችኝ፣ ከልቧ ነው፣ አመስግኜ እምቢ አልኩ። ይሉኝታዬን ካሸነፍኩባቸው የመጀመሪያ ቀናት አንዱ ይኼ ይመስለኛል።

ወጪ መጻፍን አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደውም። አንድ ወር ግን እያንዳንዷን ጻፍን። ትላልቆቹ ወጪዎች እንዳሰብኳቸው ነበሩ። ያስደነገጠኝ «ለሰው» ብዬ የጻፍኩት ነው። ለመዋጮ፣ ለጋበዝኩት፣ «ለጊዜው» ላበደርኩት። ከደመወዜ ስድስት እጅ አንዱ። በዕዳ የተዘፈቀ ሰው ከኪሱ ሌላውን ሲጋብዝ። ከዚያ በኋላ «አሁን አልችልም» ማለት ተለማመድኩ፣ ቤት ውስጥ ባለቤቴ እንደ ተበዳሪ እየሆነችልኝ። «ወንድሜ፣ ለሁለት ቀን ብቻ» ትለኛለች ድምጿን አወፍራ። እኔ መጀመሪያ ላይ በጨዋታም እምቢ ማለት አቅቶኝ ሳቅን።

ስለ መሐሉ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። አሰልቺ ነው። ደመወዝ ይመጣል፣ በዚያው ቀን ለየድርሻው ይሄዳል፣ የተረፈው አይበቃም፣ ይኖራል። አሥረኛው ወር አካባቢ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ዕዳው ብዙ ቀንሶ ሳለ። ምክንያቱን አላውቅም። በዱቤ የገዛሁትን ስልክ ክፍያው አራት ወር ሲቀረው ሸጬ እዳውን ዘጋሁት፣ የድሮውን ከመሳቢያ አወጣሁ። መሥሪያ ቤት ማንም አላስተዋለም። አንድም ሰው። ለዚያ ስልክ ስንት ሌሊት ነው ያልተኛሁት!

ጓደኛዬን ግን ልንገራችሁ። ገንዘቡን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ረስቼዋለሁ፣ ምን አስቸኮለህ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ሰው እንዲህ ሲል በወሬ እንሰማለን። አልረሳም። ተቀብሎኝ ፊቴ ቆጠረው። ከዚያ «ገንዘቡ አይደለም፣ መንገድ ስትሻገር ነው የገረመኝ» አለኝ። ምንም አላልኩም። ቁጭ በል አላለኝም፣ ቆሜ ትንሽ አወራን። ዛሬ እንገናኛለን፣ ግን እንደ ድሮው ነው ብል እዋሻለሁ።

በ29ኛው ወር ሰባቱ መስመሮች ተሰርዘው ነበር። አምስተኛው ቀረ።

የአምስተኛው መስመር ባለቤት ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ድሮ አንድ ቢሮ ነበርን፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው ያበደሩኝ። «ሲመችህ» ነበር ያሉኝ። ለሁሉም ስደውል ለእሳቸው አልደወልኩም። ሲመችህ ብለዋላ። የሚጮኸውን እያስቀደምኩ፣ የሚቆጣውን እያስቀደምኩ፣ እሳቸውን በየወሩ ወደ ታች እገፋቸዋለሁ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚሉት ይኼንን ነው። በዚያ በክፉው ጊዜ ሁለት ጊዜ ደውለውልኝ ነበር፣ ሁለቱንም ያልተነሳ ጥሪ ሆኖ በማግሥቱ አይቼዋለሁ። ምናልባት ገንዘቡን አልነበረም የፈለጉት። እንዴት ነህ ሊሉኝም ይሆናል።

ገንዘቡ ሲሞላ ደወልኩላቸው። ቁጥሩ አይሠራም። በማግሥቱም አይሠራም። የድሮው ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄደው መኖር ጀምረዋል፣ ሌላ ከተማ፣ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ወር አጥሮን ባለቤቴ ወደ ቁም ሳጥኑ አየች፣ እኔም አየሁ፣ ሁለታችንም ምንም ሳንል ምስር እንደሚለቅም ሰው አንገታችንን ደፋን።

አንድ የድሮ ባልደረባችን የልጃቸውን ስልክ ሳላገኝልህ አልቀርም ብሎኛል። ሐሙስ እደውልለታለሁ።